ያልተወረወረልኝ ኳስ

አሜሪካን ፉትቦል የሚባለውን ጨዋታ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት በሜልቦርን፣ ላቨርተን ኖርዝ በምሠራበት የመድኃኒት መጋዘን የምሳ ክፍል ውስጥ፣ በባልደረባዬ ስልክ ላይ ነው። ባልደረባዬ የፓስፊክ ደሴት ሰው፣ ሳሞአዊት ናት። ስትቆም በር የምትሞላ፣ ስትስቅ ጠረጴዛው ላይ ያለው ብርጭቆ የሚንቀጠቀጥላት ሴት። ስልኩን ወደ እኔ አዙራ "ይቺ እኔ ነኝ" አለችኝ። ሄልሜት አድርገው ትከሻቸው ካበጠ ሴቶች መሀል የቷ እንደሆነች ለመለየት አልተቸገርኩም። ሁለት ሴቶችን ባንዴ እየገፋች ወደኋላ ትነዳቸዋለች።

"ይሄ ጨዋታ ነው ወይስ ጠብ?" አልኳት።

"ሁለቱም" አለችኝና ሳቀች።

ያኔ ሜልቦርን ከመጣሁ ብዙ አልቆየሁም። ባሌ መሐንዲስ ነው፤ እሱ ቀድሞ መጥቶ ፖይንት ኩክ ቤት ተከራይቶ ነበር፣ እኔ ተከትዬው መጣሁ። ሰፈሩ ሁሉም ቤት አንድ ዓይነት፣ ሁሉም በር የተዘጋ ነው። ከሥራ ቤት፣ ከቤት ሥራ እንጂ ሌላ ሕይወት አልነበረኝም። አንድ ቀን ሳሞአዊቷ ከመደርደሪያው መሰላል ላይ ሆና የማሸጊያ ቴፕ ጥቅል ጣለችልኝ። እኔ ፊቴን አዙሬ ከሌላ ሰው ጋር እያወራሁ ነበር። ሳላይ በአንድ እጄ ቀለብኩት። ከመሰላሉ ላይ አፏን ከፍታ አየችኝ።

"የት ነው የተማርሽው?"

አዲስ አበባ ተማሪ ቤት እያለሁ የእጅ ኳስ እጫወት ነበር፤ ለክፍለ ከተማችንም ተሰልፌያለሁ። ይህን ስነግራት ቁልቁል ወረደችና ትከሻዬን ያዘችኝ። "እሁድ ሜዳ ትመጫለሽ" አለች። መጠየቅ አልነበረም።

ጨዋታውን ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ልናገር። መሀል ላይ ሆና ኳሱን የምትወረውር አንዲት ሴት አለች፤ ኳርተርባክ ይሏታል። ከፊቷ እንደ ሳሞአዊቷ ያሉ ግዙፎች ቆመው ማንም እንዳይደርስባት ይከላከሉላታል። ከሁሉም ርቃ፣ የሜዳው ዳር ላይ ብቻዋን የምትቆመው ደግሞ ዋይድ ሪሲቨር ናት። ሥራዋ መሮጥ፣ ከምትከተላት ተከላካይ ማምለጥ፣ የተወረወረላትን ኳስ ከአየር ላይ መያዝ ነው። ኳሱን ይዛ የመጨረሻውን መስመር ካለፈች ታችዳውን ይባላል፤ እንደ ጎል ቁጠሩት። እኔን ዳር አቆሙኝ። እግሬ ፈጣን ነው፣ እጄ ኳስ አይጥልም። ዋይድ ሪሲቨር ግን በራሷ ማድረግ የማትችለው አንድ ነገር አለ፤ ኳሱ ካልተወረወረላት ሜዳ ለሜዳ ዝም ብላ የምትሮጥ ሴት ናት።

የክለቡ ኳርተርባክ አምበሏም ነበረች። አሰልጣኙ ደግሞ ባሏ ነው። ማሪቢርኖንግ፣ ወንዙን ቁልቁል የሚያይ ቤት አላቸው፤ ከጨዋታ በኋላ ቡድኑ እዚያ ይሰበሰባል። ክንዷ ጥሩ ነው፣ አልክድም። ከባሕሩ የሚመጣው የምዕራብ ሰፈር ንፋስ የሌላውን ሰው ኳስ ሲያንገላታው የሷን አይነካውም። በሌላኛው ዳር የምትሰለፈው ሪሲቨር የልጅነት ጓደኛዋ ነበረች፤ አንድ ትምህርት ቤት፣ አንድ ክፍል የተማሩ ናቸው። ኳሱ ሁልጊዜ ወደዚያ ነበር የሚሄደው።

በመጀመሪያው ጨዋታ ተከላካዬን በሁለት እርምጃ ጥያት ሄድኩ። ከኋላዬ ማንም የለም፣ ከፊቴ ባዶ ሣር ነው። እጄን አነሳሁ። ኳርተርባኳ አየችኝ። እርግጠኛ ነኝ አይታኛለች፤ ዐይኗ ዐይኔ ላይ አረፈና አለፈ። ኳሱ በሁለት ተከላካዮች መሀል ወደ ጓደኛዋ ሄዶ መሬት ወደቀ።

"ብቻዬን ነበርኩ እኮ" አልኳት ስንወጣ።

"ውይ! አላየሁሽም የኔ ቆንጆ።"

በሚቀጥለው ሳምንትም አላየችኝም። በሌላውም። ከዚያ ደግሞ አነጋገሯ ተለወጠ። በጨዋታው መሀል ተሰብስበን የሚቀጥለውን እንቅስቃሴ ስትነግረን ለሌሎቹ በፍጥነት ትናገርና ወደ እኔ ዞራ ቃላቱን አንድ በአንድ፣ እየጮኸች፣ ጆሮው እንደማይሰማ ሰው ትነግረኛለች። "አንቺ፤ በቀጥታ፤ ሩጪ። ገባሽ?" ሌሎቹ ጫማቸውን ያያሉ። እኔ ገብቶኛል እላለሁ። በቀጥታ እሮጣለሁ። እጄን አነሳለሁ። እመለሳለሁ።

ሳሞአዊቷ አንድ ቀን ከትሬኒንግ ስትሸኘኝ መኪናውን ቤቴ በር ላይ አቁማ ሞተሩን ሳታጠፋ ወደ እኔ ዞረች።

"ልንገርሽ አልንገርሽ እያልኩ ነበር" አለች። "ለባሏ ስትነግረው ሰምቻለሁ። 'ቋንቋው አይገባትም፣ ለሷ ወርውሬ ኳስ አላባክንም' አለችው።"

"እሱስ ምን አላት?"

"ምን ይላታል? ባሏ ነው።"

የዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ ላይ ለማሸነፍ አንድ ታችዳውን ብቻ ነበር የቀረን። የተነገረኝን መንገድ ሮጥኩ፤ ወደ ውጭ፣ ወደ ጥጉ። የምትጠብቀኝ ተከላካይ ተንሸራትታ ወድቃለች። ብቻዬን ጥጉ ላይ ቆሜ ሁለቱንም እጆቼን አነሳሁ፤ የኳርተርባኳን ስም ጠርቼ ጮህኩ። ኳሱ ወደ ጓደኛዋ ሄደ። መሀል ላይ የነበረች የሌላው ቡድን ልጅ ቀማችው፣ ዓመቱም አለቀ።

ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ኳርተርባኳ ሄልሜቷን አግዳሚ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችና በጣቷ ወደ እኔ አመለከተች። "እሷ መንገዷን ስታለች" አለች። "ወደ ውስጥ መግባት ሲገባት ወደ ውጭ ሮጠች። እሷን ስፈልግ ነው ጊዜው ያለፈብኝ።"

ውሸት ነው። ውሸት መሆኑን እሷ ታውቃለች፣ እኔ አውቃለሁ፣ አጠገቤ የተቀመጠችው ሳሞአዊትም ታውቃለች። እንግሊዝኛዬ ሥራ ላይ አይከዳኝም፣ ሐኪም ጋ አይከዳኝም። ስናደድ ግን ቃላቱ ተራ በተራ ይሸሹኛል። ተነስቼ ቆምኩ፣ አፌን ከፈትኩ፣ የወጣልኝ "አይደለም" የሚል አንድ ቃል ብቻ ነው። እሱም በአማርኛ። አሰልጣኙ መጥቶ ጀርባዬን ቸብ ቸብ አደረገኝ። "አይዞሽ፣ ለሚቀጥለው ዓመት እናስተካክልሻለን።"

እናስተካክልሻለን አለኝ።

ይሄ ሁሉ ሆኖ እንኳ ልተወው እችል ነበር። ያልተውኩት በዓመቱ መዝጊያ እራት ምክንያት ነው። የክለቡ አዳራሽ ውስጥ ባሎችና ሚስቶች ተጋብዘው፣ ባሌም ሸሚዝ ተኩሶ ለብሶ አጠገቤ ተቀምጧል። ሽልማት ተሰጠ። ከዚያ መብራቱን አደብዝዘው ግድግዳው ላይ ፎቶዎች ማሳየት ጀመሩ። መጀመሪያ የሁሉም ነበር፤ ቀጥሎ የኔ ብቻ ሆነ። በየጨዋታው፣ በየሜዳው፣ ብቻዬን ቆሜ እጄን አንስቼ። አንዱ ፎቶ ሲያልፍ ሌላው ይመጣል፣ እጄ ግን ሁልጊዜ እንደተነሳ ነው። ኳርተርባኳ ማይክሮፎኑን ይዛ "ዓመቱን ሙሉ ታክሲ ስትጠራ ለከረመችው ጓደኛችን!" አለችና አንዲት ቢጫ የመጫወቻ ታክሲ ሰጠችኝ። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። "ታክሲ! ታክሲ!" እያሉ ጠረጴዛውን ደበደቡ።

ወደ ባሌ ዞርኩ። እሱም እየሳቀ ነበር።

መኪና ውስጥ ስንገባ "ቀልድ እኮ ነው" አለኝ። "አንቺ ደግሞ ሁሉን ነገር ታከብጂዋለሽ።" ቤት እስክንደርስ አልመለስኩለትም። ከዚያም በኋላ ለብዙ ቀን ከ"ምግብ ቀርቧል" በቀር አላናገርኩትም።

መጫወቻዋን በማግስቱ ጠዋት ውጭ ካለው ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ከተትኳት። ጎረቤታችን ጋሼ የራሳቸውን መጣያ እየጎተቱ ሲያወጡ አዩኝ። ጋሼ ጡረታ የወጡ ታክሲ ነጂ ናቸው። እኛ ስንመጣ ሰፈሩን ያሳዩን፣ የባሌን መንጃ ፈቃድ ፈተና ያስጠኑት እሳቸው ናቸው። ክዳኑን ከፍተው ወደ ውስጥ አዩ።

"ይቺ ምን በደለችሽ?"

መጀመሪያ "ምንም" አልኳቸው። ከዚያ ሳላስበው መንገድ ላይ ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው። ኳሱን፣ የልብስ መቀየሪያውን ክፍል፣ ፎቶውን። ጋሼ መጣያቸው ላይ ተደግፈው እስክጨርስ ሰሙኝ።

"ታክሲ ስድብ ነው እንዴ ታዲያ?" አሉ። "ልጆቼን ያሳደግኩት በታክሲ ነው።"

"ጋሼ፣ እርስዎን ለመንካት አይደለም…"

"አውቃለሁ፣ አውቃለሁ። እነሱ ግን ስድብ ነው ብለው ነው የሰጡሽ።" ፊታቸው ተለወጠ። "ይቅርታ ጠየቀችሽ?"

"አልጠየቀችኝም።"

"እንግዲህ ሁሉም ሰው ተይው ይልሻል። እኔ ግን አልልሽም። አንድ ጊዜ አየር ማረፊያው ላይ የጫንኩት ሰውዬ ሲወርድ ፊቴ ላይ ተፋብኝ። ተውኩት። ሥራዬ ላይ ነኝ፣ ቤተሰብ አለኝ ብዬ ተውኩት። ይኸው እስከዛሬ መልኩ ከፊቴ አልሄደም። መተው ያሳረፈኝ እንዳይመስልሽ።"

"ታዲያ ምን ላድርግ?"

"እሱን አንቺ ታውቂያለሽ። ኳሱ ያለው ያንቺ ሜዳ ላይ ነው።"

ጋሼ ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ከሥራ ስመለስ ኳስ ይወረውሩልኝ ጀመር። ከቤታችን ጀርባ፣ ረግረጉ አጠገብ ሣር አለ፤ ታጣፊ ወንበራቸውን ይዘው ይመጣሉ፣ ሲደክማቸው ተቀምጠው ይወረውራሉ። አወራወራቸው እግዚኦ ያሰኛል። ትከሻቸው ያማቸዋል፤ ኳሱ አንዴ ከጭንቅላቴ በላይ፣ አንዴ ከእግሬ ሥር፣ አንዴ ዳክዬዎቹ መሀል ይሄዳል። "ያዢ!" ይላሉ፣ የኔ ጥፋት ይመስል። እየተንከባለልኩ፣ እየዘለልኩ፣ በአንድ እጅ፣ በጀርባዬ እየወደቅኩ መያዝ ለመድኩ። ቀጥ ብሎ የሚመጣ ኳስ ከዚያ በኋላ ስጦታ ሆነብኝ።

በዚያው ሰሞን ሳሞአዊቷ በስልኬ የላከችልኝን ያለፈውን ዓመት ጨዋታዎች ማየት ጀመርኩ። ራሴን ለማየት አልነበረም፣ እሷን ለማየት ነው። ደጋግሜ ሳይ አንድ ነገር ገባኝና ደሜ ፈላ። ኳርተርባኳ ዓመቱን ሙሉ ወደ እኔ የምታየው ሆን ብላ ነው። መጀመሪያ እኔን ታያለች፣ ተከላካዮቹ ዐይኗን ተከትለው ወደ እኔ ይሳባሉ፣ ከዚያ አንገቷን አዙራ ለጓደኛዋ ትወረውራለች። ያ ዐይኔ ላይ ያርፍ የነበረው ዐይን ማታለያ ነበር። እኔን ሳታሳውቀኝና ሳትጠይቀኝ ማጥመጃ አድርጋኛለች። እኔ ደግሞ እጄን እያነሳሁ አግዛታለሁ!

በዚያች ቀን የማደርገውን አወቅኩ።

ከዌስት ጌት ድልድይ ማዶ ሌላ ክለብ አለ። ሰው ስለማይበቃቸው አንዷ ሴት ኳሱ የነሱ ሲሆን ታጠቃለች፣ ኳሱ የሌላው ሲሆን ትከላከላለች፤ እረፍት የለም። አሰልጣኟ ቃል የማታበዛ አጭር ሴትዮ ናት። ከላይ እስከታች አየችኝ።

"ምን ትችያለሽ?"

"የተወረወረልኝን እይዛለሁ።"

"ሌላስ?"

"ያልተወረወረልኝንም።"

ፈገግ አላለችም። ግን ማልያ ሰጠችኝ።

ለሳሞአዊቷ ምሳ ላይ ነገርኳት። ማንኪያዋን አስቀመጠች።

"እኔ እኮ እሷን ነው የምጠብቀው" አለች። "ሜዳ ላይ ወደ እሷ ብትመጪ እገፋሻለሁ። እንዳትቀየሚኝ።"

"ግፊኝ" አልኳት። "አንቺ ላይ ምንም የለኝም።"

"እሷ ላይ ግን አለሽ።"

"አለኝ።"

ብርድ ሲገባ ከድሮ ክለቤ ጋር ተገናኘን፤ በነሱ ሜዳ፣ በዚያው ንፋስ። ባሌ "ልምጣ ወይ?" ብሎ ሲጠይቀኝ "እንደፈለግክ" አልኩት፤ መጣ። ጋሼም ታጣፊ ወንበራቸውን ይዘው መጡ። ስንሟሟቅ ኳርተርባኳ ከሩቅ አየችኝና ፊቷ በራ። "ታክሲ! አንቺ ነሽ እንዴ?" አለች። አጠገቧ ያሉት ሳቁ። እኔ የጓንቴን ማሰሪያ አጠበቅኩ።

መጀመሪያ ኳሱ የኛ ነበር። የኛ ኳርተርባክ ገና ተማሪ ናት፣ ክንዷም ብርቱ አይደለም፤ ግን ለማንም ትወረውራለች። ከመስመሩ ተነስቼ ሄድኩ፤ ወረወረችልኝ። ኳሱን ንፋሱ ይዞት ወደኋላ ቀረ። ለጋሼ ኳስ እንደማደርገው ተጠምዝዤ ከጀርባዬ ያዝኩትና መስመሩን አለፍኩ። ታችዳውን። ከዳር ጋሼ በአማርኛ ሲጮሁ ይሰማኛል። ደስ ብሎኛል፤ ግን የመጣሁበት ጉዳይ ይሄ አልነበረም።

ኳሱ ወደነሱ ሲያልፍ አሰልጣኜን "ጓደኛዋ ላይ አቁሚኝ" አልኳት። አቆመችኝ። የልጅነት ጓደኛዋን ፊት ለፊት ተጋፈጥኳት። ሰላም አለችኝ፤ ጥሩ ሴት ናት፣ ከሷ ጋር ጠብ የለኝም። እኔ የማየው ኳርተርባኳን ነው። ኳሱን ያዘች። ወደኋላ ራቀች። ወደ ሌላኛው ዳር አየች፤ በእኔ ቦታ የተተካች አንዲት ቀጭን ልጅ እዚያ እየሮጠች እጇን አንስታለች። የቡድኔ ተከላካዮች ሁሉ ወደዚያ ዞሩ። እኔ አልዞርኩም። ኳሱ ወደ እኔ እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ ሳትወረውረው በፊት መሮጥ ጀመርኩ። አንገቷን አዞረች፣ ክንዷ ተዘረጋ፣ ኳሱ ቀጥ ብሎ፣ አምሮ፣ ንፋሱ ሳይነካው መጣ። ከጓደኛዋ እጅ ፊት ቀደምኩና ቀማሁት።

ከሷ ክንድ የወጣ ኳስ በጨዋታ ውስጥ እጄ ሲገባ የመጀመሪያው ነበር።

በዚያ ጊዜ ሳሞአዊቷ ደረሰችብኝና መሬት ላይ ዘረጋችኝ። ስታነሳኝ "ነግሬሻለሁ" አለችኝ። "ነግረሽኛል" አልኳት።

ሁለተኛው ከእረፍት በኋላ ነው። ኳርተርባኳ ተናዳለች፤ ጓደኛዋ ላይ ትጮሃለች፣ ከባሏ ጋር ከዳር እስከ ዳር ይጯጯሃሉ። ሰው ሲናደድ የለመደውን ያደርጋል። ያንኑ አደረገች፤ ወደዚያ አየች፣ ወደዚህ ወረወረች። ያዝኩት፤ አሁን ግን ፊቴ ክፍት ነው። ሳሞአዊቷ በሌላ በኩል ተይዛለች። በእኔና በመስመሩ መሀል ያለችው አንዲት ሴት ብቻ ናት፣ እሷም ኳርተርባኳ።

በቀኝ በኩል ሰፊ ቦታ ነበር። ዞሬ ብሄድ አትደርስብኝም፤ እግር የላትም። አልዞርኩም። ቀጥ ብዬ ሄድኩባት። ሄልሜቷ ውስጥ ዐይኗ ይታየኛል፤ አሁን በደንብ እያየችኝ ነው። ኳሱን በግራ ክንዴ ሥር አጥብቄ ትከሻዬን ዝቅ አደረግኩና ደረቷ ላይ አሳረፍኩት። በጀርባዋ ወደቀች። አየሩ ከሳንባዋ ሲወጣ ሰማሁት። አልፌያት መስመሩን ተሻገርኩ። ዳኛው ምንም አላለም፤ ኳስ የያዘ ሰው ትከሻውን ዝቅ አድርጎ ማለፉ በዚህ ጨዋታ ጥፋት አይደለም። እኔም ሕጉን ቀድሜ አጣርቻለሁ።

ተነስታለች፤ አልተጎዳችም። ግን ቀጥሎ የወረወረችው ኳስ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ በኋላ የወረወረችው ሜዳውን ለቆ ወጣ። ባሏ ሰው ሁሉ እየሰማ "ምን ነካሽ? ውጪ!" ብሎ አስወጣት። አግዳሚው ላይ ሄልሜቷን ሳታወልቅ ተቀመጠች። ትከሻዋ ሲርገፈገፍ ከሜዳው መሀል ይታየኝ ነበር። አጠገቧ ማንም አልተቀመጠም።

በቀል ሰውን ባዶ ያደርጋል ሲባል ሰምቻለሁ። እኔን አላደረገኝም። ደስ አለኝ፤ ከእግሬ ጥፍር ጀምሮ ደስ አለኝ። ለወራት ደረቴ ላይ የተቀመጠው ነገር ተነስቶ ሲሄድ ታወቀኝ።

ሲያልቅ ሁለቱ ቡድኖች ተሰልፈው ይጨባበጣሉ፤ የጨዋታው ወግ ነው። ሁሉንም ጨበጥኳቸው፣ ጓደኛዋንም፣ ባሏንም ጭምር። እሷ ጋ ስደርስ እጇን ዘረጋች። ዐይኔ እጇ ላይ አረፈና አለፈ።

መኪና ውስጥ ባሌ "ኮራሁብሽ" አለኝ። ደጋግሞ አለው። ሰፈራችን መግቢያ ላይ ስንደርስ "ያን ማታ ለምን ሳቅክ?" አልኩት።

የቱን ማታ አላለኝም። "ሁሉም ሲስቅ ነው" አለ። "ማንንም አላውቅም፣ እንግዳ ነኝ። ካልሳቅኩ ብቻዬን የምቀር መሰለኝ።"

"እኔ ብቻዬን ቀረሁ።"

"ገብቶኛል። ይቅርታ አድርጊልኝ።"

ይቅር አልኩት። ጠይቆኛላ።

ከሳሞአዊቷ ጋር ነገሩ እንዲህ ቀላል አልነበረም። ሰኞ ምሳ ክፍል ውስጥ ትሪዋን ይዛ መጣችና ቆማ "ዞረሽ ማለፍ ትችይ ነበር" አለችኝ።

"እችል ነበር።"

"ታዲያ?"

"አልፈለግኩም።"

ራሷን ነቀነቀችና ሌላ ጠረጴዛ ላይ ሄዳ ተቀመጠች። ለሳምንታት እንደዚያ ነበርን፤ እቃ ታቀብለኛለች፣ ትመልስልኛለች፣ ግን ብርጭቆ የሚያንቀጠቅጠውን ሳቋን ከሩቅ ነበር የምሰማው። ለብዙ ጊዜ የተሰማኝ ጉዳት ይሄኛው ነው። ቢሆንም ተሳስቻለሁ ብዬ አላባበልኳትም፣ ስላልተሳሳትኩ። አንድ ቀን ራሷ መጥታ ፊት ለፊቴ ተቀመጠችና ከምግቧ ቆርሳ ሰጠችኝ። ስለዚያ ጨዋታ ግን አሁንም አታነሳም።

እኔ መጫወቴን ቀጠልኩ። ጉልበቴ አንዴ ታሟል፣ ጣቴ ተሰብሮ ጠሞ ቀርቷል፣ ግን ዳር ላይ የምትቆመው ዋይድ ሪሲቨር እስከዛሬ እኔ ነኝ። አሁን ይወረወርልኛል።

በቅርቡ ማሪቢርኖንግ ገበያ ማዕከል ውስጥ ኳርተርባኳን አገኘኋት። ሕፃን በጋሪ እየገፋች ነበር። ልሸሻት ስል ቀድማ ጠራችኝ፤ በስሜ። እንደ ድሮ ወዳጅ አቀፈችኝ።

"ያቺ በጀርባዬ የጣልሽኝ ቀን!" አለች እየሳቀች። "ባሌ እስከዛሬ ይቀልድብኛል። ከዚያ በኋላ ሌላ ኳርተርባክ አመጣ፣ እኔም ተውኩት።" ከዚያ ጋሪውን ወደፊት ወደኋላ እያደረገች ፊቷ ትንሽ ከበደ። "ግን ለምን እንደዚያ እንደተናደድሽብኝ አልገባኝም።"

ይሄኔ ቃላቱ አልሸሹኝም። ነገርኳት። ቋንቋው አይገባትም ያለችውን፣ መንገዷን ስታለች ብላ የዋሸችውን፣ ማጥመጃ ያደረገችኝን፣ ግድግዳው ላይ ያሳየችውን ፎቶ፣ ታክሲዋን። ድምፄን ከፍ አላደረግኩም። ሰዎች ዕቃቸውን ተሸክመው በግራና ቀኝ ያልፋሉ።

"ታክሲ?" አለች። ለማስታወስ ሞከረች። "አይ አንቺ፣ ያ እኮ ቀልድ ነበር።"

ጠበቅኩ። ሌላ ነገር ትጨምር እንደሆነ ፊቷን እያየሁ ጠበቅኩ። ሕፃኑን ጎንበስ ብላ ሸፈነችው፣ ቀና አለች፣ ፈገግ አለች። በቃ፣ ያላት ያ ብቻ ነበር።

"እሁድ እንጫወታለን" አልኳት። "ብትመጪ ደስ ይለኛል።"

"ከማን ጋር?"

"ከናንተው።"

ሳቋ ጠፋ። ደህና ሁኚ ብያት ወደ አውቶቡሱ ሄድኩ።

እሁድ እሷ አልመጣችም። ባሏ ግን መስመሩ ዳር ቆሞ ነበር። በሰፊ ልዩነት አሸነፍናቸው፤ የመጨረሻዋን ታችዳውን ያገባሁት እሱ በቆመበት በኩል ነው።